ተክል፣ አፈር ወይስ አየር ንብረት? ከድሬዳዋና ከሐረር ሆነው ሁለተኛ ዲግሪ ለሚያስቡ

«የትኛው ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በልቡ የያዘው ሌላ ጥያቄ ነው፦ «የትኛው ቶሎ ያልቃል?» አልፈርድበትም። በግብርና የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ ድሬዳዋ ወይም ሐረር የተቀመጠ ሰው ሁለተኛ ዲግሪ ሲያስብ አግሮኖሚ (የሰብል አመራረት)፣ ሆርቲካልቸር (አትክልትና ፍራፍሬ)፣ የእጽዋት ማዳቀል፣ የአፈር ሳይንስ፣ ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር ግብርና የሚሉ ስሞች ይደረደሩለታል። ስሞቹ ተቀራራቢ ናቸው፤ የመግቢያ ወረቀታቸውም ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከሐረር ወደ 20፣ ከድሬዳዋ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ብቻ መራቁ ደግሞ ሳያስቡ ለመመዝገብ ይገፋፋል። ጠዋት በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ማታ እመለሳለሁ ብሎ የጀመረ ሰው፣ በአራተኛው ዓመትም ያንኑ ዳገት ሲወጣ አይቻለሁ።

እኔ የአፈር ተማሪ ነበርኩ፤ ለአፈር ባደላ አንባቢ ይወቅብኝ። ስሞቹን በሦስት፣ ማለትም በእጽዋት፣ በአፈርና በአየር ንብረት፣ ከፍያቸዋለሁ፤ ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር የትምህርት ክፍል ስምና ዝና አይመዝንም። የሚመዝነው ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን መረጃ ከየት፣ መቼና በማን ገንዘብ እንደሚያገኝ ነው። ሁለተኛውን ዓመት የሚበላውም፣ አራተኛ ዓመት የሚያስገባውም ይኸው ስለሆነ።

በሦስቱም አንድ የሆነው

ይህን ቶሎ እንለፈው። የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ የወጪ መጋራት ማስረጃ፣ የድጋፍ ደብዳቤዎች፣ ሠራተኛ ለሆነ ደግሞ የመሥሪያ ቤት የስፖንሰርሺፕ ደብዳቤ ይጠየቃል። ብሔራዊ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም አለ። ይህ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ከተጀመረው የመውጫ ፈተና የተለየ ነው፤ «አንዱን አልፌያለሁና ሌላው አይመለከተኝም» ብለው የምዝገባ ቀን ያለፈባቸው አሉ። ትራንስክሪፕቱ ከተማሩበት ተቋም በቀጥታ የሚላክ በመሆኑ ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ መንገዱ የታወቀ ነው፦ አንድ ዓመት ገደማ ትምህርት፣ በውስጡ ስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ፣ ከዚያ ፕሮፖዛል አቅርቦ ማስጸደቅ፣ መረጃ መሰብሰብ፣ በመጨረሻ የውጭ ፈታኝ ባለበት ጽሑፉን መከላከል። በወረቀት ሁለት ዓመት ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው የቀን መቁጠሪያ ነው። የምርምሩ ጊዜ በዝናብ፣ በላቦራቶሪ ወረፋ ወይስ በራስዎ ጠረጴዛ ነው የሚወሰነው? ሁለተኛው ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ ነው፤ የትምህርት ክፍያውን መንግሥት ወይም መሥሪያ ቤት ቢሸፍን እንኳ የምርምሩ ወጪ ለብቻው ይመጣል። ሦስተኛው ስሌትና ኮምፒውተር ነው። አራተኛው የትኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ያለ ማካካሻ ኮርስ ያስገባል የሚለው ነው። አምስተኛው ከዲግሪው በኋላ በቅጥር ማስታወቂያ ላይ የትኛው ስም ይፈለጋል የሚለው ሲሆን፣ ሰው ሁሉ ግን ከዚህ ይጀምራል።

ልዩነቱን ለማሳየት የምጠቀምበት ምሳሌ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ብዙም አይርቅም። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ ደርቆ ከብት የሚውልበት ሜዳ ሆኖ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ውኃ መልሶ መያዝ ጀምሯል። ለምን ደረቀ? የተክል ተማሪ በዙሪያው ያለው ጫት፣ ድንችና ሽንኩርት በመስኖ ምን ያህል ውኃ እንደሚጠጣ ይለካል፤ ለዚህ በማሳ ላይ መዋል አለበት። የአፈር ተማሪ ከተራቆተው ተዳፋት ስንት ደለል ወርዶ እንደሞላው ይጠይቃል፤ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ናሙና ይመዝናል። የአየር ንብረት ተማሪ የዝናቡንና የትነቱን የብዙ ዓመት መዝገብ ይዘረጋል፤ እግሩ ጭቃ ላይነካ ይችላል። ሐይቁ አንድ ነው፤ የሦስቱ ተማሪዎች የቀን ውሎና የወጪ ደረሰኝ ግን አይገናኝም። እርስዎ ከሦስቱ የማንን ውሎ ነው የሚችሉት?

የእጽዋት ሳይንስ

የተክል ተማሪ አለቃ ዝናብ ነው። በሐረርጌ ደጋና ወይና ደጋ ረጅም ጊዜ የሚወስደው ማሽላ በበልግ ዝናብ፣ ሚያዝያ ገደማ ይዘራል፤ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ፕሮፖዛሉ መጋቢት ላይ ያልጸደቀለት ተማሪ አንድ ወር ዘገየ አይባልም፤ አንድ ዓመት ዘግይቷል። በዚያ ላይ የአንድ ወቅት ውጤት ለብዙ ፈታኞች አያረካም፤ ሁለት ወቅት ወይም ሁለት ቦታ ይጠይቃሉ። በአንድ ዓመት ለመጨረስ የሚፈልግ ሰው ሁለት ቦታ ይመርጣል። ይህ አካባቢ ለዚያ ይመቻል፤ ሐረማያ ወደ 2,000 ሜትር፣ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ በ40 ኪሎ ሜትር መንገድ ሁለት የተለያየ አየር ይገኛል።

ስሌቱን አስቀድሞ መሥራት ይገባል። 12 ዓይነት ዘር በሦስት ድግግሞሽ የሚዘራ ሰው 36 መደብ አለው። እያንዳንዱ መደብ 3 በ4 ሜትር ቢሆን መተላለፊያውን ሳይጨምር 432 ካሬ ሜትር ይሆናል። ማረስ፣ መስመር ማውጣት፣ መዝራት፣ ማሳሳት፣ ማረም፣ በየመደቡ ቁመት መለካት፣ ማጨድ፣ መውቃት፣ መመዘን ሁሉ በቀን ሠራተኛ ክፍያ የሚሄድ ነው። ማሽላ ሲያፈራ ደግሞ ወፍ ጠባቂ ያስፈልጋል። ወፍ የትኛው መደብ ማነጻጸሪያ፣ የትኛው ሙከራ እንደሆነ አይለይም፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሙሉውን ስታቲስቲክስ ይለቅማል። ይህ ወጪ በፕሮፖዛል ሠንጠረዥ ላይ ብዙ ጊዜ ተረስቶ አየዋለሁ።

ማምለጫ አለ፤ መስኖ። ዩኒቨርሲቲው ድሬዳዋ ውስጥ ቶኒ እርሻ በሚባለው ጣቢያው በበጋም ሽንኩርትና ቲማቲም ማብቀል ይቻላል፤ ሆርቲካልቸር የመረጠ ሰው በአራትና በአምስት ወር መረጃውን ሊሰበስብ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ድንችም ከማሽላ ቶሎ ይደርሳል። የእጽዋት ማዳቀል የመረጠ ግን ልብ ይበል፤ ሁለት ዘር አዳቅሎ ትውልድ እየቆጠረ መምረጥ ከሁለተኛ ዲግሪ ዕድሜ ይረዝማል። ስለዚህ አብዛኛው ተማሪ ያሉትን ዘሮች ማወዳደር ላይ ይወሰናል። ይህንን እንደ ድክመት አላየውም። ሐረርጌ እንደ ሙይራና ፈንዲሻ ያሉ የአገር ማሽላዎች ያሉበት፣ ማሽላ ከጫት መስመር መካከል ገብቶ የሚበቅልበት፣ አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም ገበሬውን የሚያስመርርበት አገር ነው፤ ጥያቄ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አቀንጭራ ላይ መሥራት የሚፈልግ ሰው በማሰሮና በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ሙከራ ማድረግ ይችላል፤ ቦታውም ወጪውም ይቀንሳል።

ስሌቱ መካከለኛ ነው፤ የሙከራ ንድፍና የልዩነት ትንተና በደንብ ከገባ ሌላው ይከተላል። በሥራ በኩል በወረዳ ግብርና፣ በዘር ድርጅቶች፣ በፌዲስና በጭሮ ባሉ የምርምር ማዕከላት የሚታወቅ ዲግሪ ነው። ተወዳዳሪውም የዚያኑ ያህል ብዙ ነው።

የአፈር ሳይንስ

የአፈር ተማሪ ከዝናብ ግማሽ ነፃነት አለው። የመሬት አጠቃቀምን ወይም የአፈር ዓይነትን የሚያጠና ከሆነ በበጋ ቆፍሮ ናሙና ይወስዳል፤ የማዳበሪያ ወይም የኖራ ሙከራ ከመረጠ ግን እንደ ተክል ተማሪ ለዝናብ ይገዛል፤ የላቦራቶሪውም ዕዳ ይጨመርበታል። ሁለት አለቃ ማለት ነው።

በጋውን የመረጠ ሰው ጌታው ላቦራቶሪው ነው። ሦስት ዓይነት የመሬት አጠቃቀም፣ ሁለት ጥልቀት፣ አራት ድግግሞሽ ቢወስድ 24 ናሙና ይኖረዋል፤ ለሰው ሲነግሩት በአንድ ጆንያ የሚያልቅ ይመስላል። በእያንዳንዱ ላይ አሲዳማነት፣ ኦርጋኒክ ካርቦን፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ የቅንጣት ስብጥርና የንጥረ ነገር የመያዝ አቅም ቢለካ 144 ልኬት ይሆናል። እያንዳንዱ ልኬት ዋጋ አለው፤ ኬሚካል ያልቃል፤ መብራት ይጠፋል። የእኔ ናሙናዎች ተነፍተውና ስም ተለጥፎባቸው በአንድ ላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ አምስት ወር ተቀመጡ፤ ምክንያቱ አንድ አሲድ ከገበያ መጥፋቱ ነበር። በየሳምንቱ እየሄድኩ አያቸው ነበር፤ እንደ ታማሚ ዘመድ። አፈር ለሚመርጡ የምመክረው አንድ ነገር ይኸው ነው፤ ናሙና ከመውሰድዎ በፊት ላቦራቶሪው በዚያ ሰሞን የትኞቹን ልኬቶች በእርግጥ እየሠራ እንደሆነ ሄደው በዓይንዎ ይዩ፤ የዋጋ ዝርዝር ላይ መጻፉ አይበቃም።

ሌላው ወጥመድ ዘዴ ነው። ፎስፈረስን ለመለካት የኦልሰን ዘዴ ለገለልተኛና ለአልካላይን (የአሲዳማ ተቃራኒ ለሆነ)፣ ኖራ ለበዛበት አፈር ይስማማል፤ የብሬይ ዘዴ ለአሲዳማው ነው። ድሬዳዋ ዙሪያ ካለው ቆላ ናሙና ወስዶ በብሬይ የለካ ሰው የመከላከያ ቀኑ ረጅም ይሆንበታል። የኦርጋኒክ ካርቦን ዘዴው በ1934 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የዎክሌይና ብላክ ዘዴ ነው፤ ናይትሮጅንን የምንለካበት የኬልዳል ዘዴ ደግሞ ከ1883 ጀምሮ አለ። አሮጌ መሆናቸው አያሳፍርም፤ ርካሽና የታወቁ ናቸው።

መግቢያው ሰፊ ነው። ከእጽዋት ሳይንስ፣ ከተፈጥሮ ሀብት አያያዝ፣ ከግብርና ምሕንድስናም ይመጣሉ፤ የኬሚስትሪ ተመራቂ ማካካሻ ኮርስ ሊጠየቅ ይችላል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ሁላችንንም ይቀድማል። የሥራው ገበያ ጠባብ ቢሆንም ተወዳዳሪው ጥቂት ነው። ከ2012 በአውሮፓ አቆጣጠር ወዲህ በአገር አቀፍ ደረጃ የአፈር ለምነት ካርታ መሠራቱና ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ የጎደላቸው አፈሮች መታወቃቸው ለዚህ ሙያ ሥራ ፈጥሮለታል። የሐረርጌ ገበሬ በድንጋይ እርከን የያዘው ተዳፋትና የባቢሌ አሸዋማ የለውዝ ማሳም ገና ብዙ ተማሪ ያስመርቃሉ።

የአየር ንብረት ሳይንስ

ይህ አዲሱ ነው፤ ስሙም በጣም የሚስበው እሱ ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመ፣ ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር ግብርናና የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ የልህቀት ማዕከል አለ፤ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ያስተምራል።

ነገር ግን በአንድ ስም ሁለት የማይመሳሰሉ ትምህርቶች ተጠልለዋል። አንደኛው የመዝገብ ሥራ ነው። የአንድን ቦታ አየር ንብረት ለመናገር ቢያንስ የ30 ዓመት መረጃ ይፈለጋል፤ የጣቢያ መዝገብ ደግሞ ወር የጎደለው፣ አንዳንዴም ዓመት የጎደለው ነው። ክፍተቱን ለመሙላት ከ1981 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ያለው ቺርፕስ የተባለው የሳተላይት የዝናብ መረጃ በነፃ ይገኛል። አር ወይም ፓይተን የሚባሉትን የኮምፒውተር ቋንቋዎች መቻል ግድ ነው። እንደ አኳክሮፕ ያለ የሰብል ሞዴል ለመጠቀም የሚፈልግ ሰው ሞዴሉን የሚያስተካክልበት የማሳ መረጃ ይፈልጋል፤ ይህን ከተክል ተማሪ ይለምናል። በወር አማካይ ብቻ መሥራትም ያሳስታል፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ በአንድ ሌሊት በደቻቱ ወርዶ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው የፈጀው ጎርፍ ከላይ ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ነበር፤ በወር ድምር ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም።

ሁለተኛው የቃለ መጠይቅ ሥራ ነው፤ ሦስት መቶ አባወራ ይዞ «ዝናቡ ተለውጧል? ምን አደረጋችሁ?» ብሎ መጠየቅ። ጥሩ ጥናት ሊሆን ይችላል። ይሁንና በአየር ንብረት ስም የተሰጠ የማኅበረሰብ ኢኮኖሚ ጥናት መሆኑን አውቆ መግባት ይሻላል፤ ተመራቂው ስለ ከባቢ አየር ፊዚክስ ሲጠየቅ ዝም እንዳይል። አማካሪ ከመምረጥዎ በፊት እሱ ራሱ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሠራ ይወቁ።

የመዝገቡ መንገድ ከሦስቱ ሁሉ ርካሽ ነው፤ ጥሩ ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ይበቃዋል። የድሬዳዋ ሙቀት ግን ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩንም ሰውንም ያዳክማል፤ ሌሊት መሥራት ይለመዳል። በሥራ በኩል ፕሮጀክቶችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ስሙን ይፈልጉታል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚመለስ ሰው ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በሥራ መደቡ ዝርዝር ላይ የዲግሪው ስም ካልተጻፈ የደረጃ ዕድገት ሊከለከል ይችላል። ከመመዝገብዎ በፊት የሰው ሀብት ክፍሉን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ውጭ አገር ቢሆንስ?

ቁጥሮቹ እንዳያደናግሩ። በአውሮፓ፣ ለምሳሌ በኔዘርላንዱ ዋህኒንገን፣ ሁለተኛ ዲግሪ 120 ክሬዲት ነው፤ በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች 30 ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ስድስት ያህሉ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይሄዳል። የአውሮፓው አራት እጥፍ ከባድ ነው ማለት አይደለም፤ የመቁጠሪያው መስፈሪያ ይለያያል። ዋናው ልዩነት ገንዘቡ የሚመጣበት በር ነው። አሜሪካ ውስጥ በብዛት በፕሮፌሰሩ የምርምር ገንዘብ በኩል ስለሚመጣ ከማመልከቻው በፊት ለፕሮፌሰሩ ይጻፋል። የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ዳድ (DAAD) ለልማት ነክ ትምህርቶች በሚሰጠው ስኮላርሺፕ እንደ ደንቡ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ዲግሪም ከስድስት ዓመት በላይ ያለፈው ባይሆን ይመርጣል። ስለዚህ «ትንሽ ልሥራና» ያለ ሰው ሁለቱንም ሰዓት መቁጠር አለበት።

አሜሪካ ውስጥ ያለ መመረቂያ ጽሑፍ፣ በኮርስ ብቻ የሚያልቅ ሁለተኛ ዲግሪም አለ። ለድርጅት ሥራ ይበቃል። ሦስተኛ ዲግሪ ወይም የዩኒቨርሲቲ መምህርነት የሚያስብ ግን አይውሰደው፤ በኋላ የምርምር ልምድ ሲጠየቅ የሚያሳየው ያጣል።

ባጭሩ

| መመዘኛ | እጽዋት | አፈር | አየር ንብረት |
|---|---|---|---|
| ጊዜውን የሚወስነው | ዝናብ፤ በመስኖ ከሆነ ተማሪው | የላቦራቶሪ ወረፋ | የመረጃ ጥራትና የራስ ትጋት |
| ትልቁ ወጪ | የቀን ሠራተኛና ጥበቃ | የላቦራቶሪ ልኬት | ኮምፒውተርና ኢንተርኔት፤ በቃለ መጠይቅ ከሆነ መጓጓዣና አበል |
| ስሌትና ኮምፒውተር | መካከለኛ | መካከለኛ፤ ኬሚስትሪ ይጨምራል | ከባድ |
| ከሥራ ጋር ማስኬድ | አስቸጋሪ | ይቻላል | በጣም ይቻላል |
| የተለመደው መዘግየት | አንድ ሙሉ ወቅት | ጥቂት ወራት | ማለቂያ የሌለው ማሻሻያ |
| የሥራ ገበያ | ሰፊ፣ ተወዳዳሪ የበዛበት | ጠባብ፣ ተወዳዳሪ ያነሰበት | በፕሮጀክት ሰፊ፣ በመንግሥት መደብ ያልተረጋገጠ |

ለማን የትኛው?

ሥራውን ሳይለቅ በቅዳሜና እሁድ የሚማር የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ አፈርን በበጋ ናሙና፣ ቁጥሩን አሳንሰው ይውሰዱ። በክረምት ብቻ በሚሰጥ ትምህርት የሚማሩ ከሆነ በዝናብ የሚበቅል ሰብል አይምረጡ፤ ማሽላው አረም በሚጠይቅበት ሐምሌ እርስዎ ክፍል ውስጥ ነዎት።

ሥራም ገንዘብም ለሌለው፣ የትምህርት ክፍሉን ትቶ ገንዘብ ያለው አማካሪ መፈለግ ይበጃል። ፕሮጀክት ያለው መምህር የማሽላ ከሆነ ማሽላ፣ የአፈር ከሆነ አፈር ይሁን። በራሱ ርእስ በራሱ ኪስ ከሚንገዳገድ፣ በሰው ርእስ በሰው ገንዘብ የሚጨርስ ይበልጣል። ይህን ስል ቅር የሚላቸው እንዳሉ አውቃለሁ።

ትንሽ ልጅ ያላት እናት ወይም ከከተማ መራቅ የማትችል ሴት ድሬዳዋ ውስጥ በመስኖ የሚሠራ የአትክልት ሙከራን ወይም የመዝገብ ሥራን ብታይ ይሻላታል። ቤተሰቡ መሬት ያለው የገበሬ ልጅ ደግሞ የማሳ ሙከራን ሊደፍር ይችላል፤ ግማሽ ወጪው በዘመድ ጉልበት ይሸፈናል፤ ወፍ ጠባቂም አያጣም።

አሁንም ካልለየልዎት ቤተ መጻሕፍት ገብተው ከሚያስቧቸው ክፍሎች በቅርብ ዓመታት የቀረቡ ሦስት ሦስት የመመረቂያ ጽሑፎች ያውጡ። መደምደሚያውን ይተዉት። የምስጋናውን ገጽ ያንብቡ፤ ማን ገንዘብ እንደሰጠ፣ የትኛው ላቦራቶሪ እንደለካ፣ ማሳውን ማን እንደጠበቀ እዚያ ተጽፏል። ቀጥለው ዘሩ የተዘራበትን ወይም ናሙናው የተወሰደበትን ወር ከመከላከያው ወር ጋር ያነጻጽሩ። በሁለቱ መካከል ያሉትን ወራት ይቁጠሩና የእርስዎን ዕቅድ በዚያ ቁጥር ያስተካክሉ።